ዝማሬና ምጽዋት፤ የጆርጅ ፍሬድሪክ ሄንደል የሕይወት ታሪክ

አንባቢ ሆይ፣ እሑድ ጧት በሙዱላ መንገድ ያለፍህ እንደ ሆነ የመዘምራን ድምፅ ከጸሎት ቤቱ ወጥቶ በሩቅ ሲሰማ ሰምተሃል። በሆሳዕናም በዱራሜም እንዲሁ ነው። እኛ የሐዲያ፣ የከምባታና የጠምባሮ ሰዎች ዝማሬን እንወዳለን፤ ፊደል ያልቈጠሩ እናቶቻችን እንኳ ቃሉን በዜማ ይዘው በልባቸው ያኖሩታል። ይህ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ዝማሬው ካለቀ በኋላ ሕዝቡ ወጥቶ በደጅ የተቀመጠውን ድኻ አደግ ዓይቶ እንዳላየ ሲያልፈው ተመልክቻለሁ፤ ካለፉትም ሰዎች አንዱ እኔ ነበርሁ። ስለዚህ ነገር ሳስብ፣ ከእኛ አገርና ከእኛ ዘመን ርቆ የኖረ የአንድ ዜማ ደራሲ ታሪክ ልጽፍልህ ወደድሁ።

ይህ ሰው ጆርጅ ፍሬድሪክ ሄንደል ይባላል። መሲሕ የተባለውን ታላቅ ዝማሬ የደረሰ እርሱ ነው። የነበረበትን ዘመን የአውሮፓ የዜማ አዋቂዎች ባሮክ ብለው ይጠሩታል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ዓመቶቹን የጻፍሁት በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

ሄንደል በ1685 ዓ.ም. በጀርመን አገር ሃለ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ጠጉር የሚቈርጥ፣ ቁስልም የሚያክም፣ በመሳፍንት ቤት የተከበረ ሰው ነበረ፤ ይህ ልጅ ሲወለድለትም ዕድሜው 63 ዓመት ነበረ። እናቱ የሉተራን ቄስ ልጅ ነበረች። አባቱ ልጁ ሕግ ተምሮ በአደባባይ እንዲከበር ይሻ ነበርና ዜማን የሥራ ፈት ጨዋታ አድርጎ ይቈጥረው ነበር። እንዲህ ያለው አባት ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ልጁ የመንግሥት ጸሐፊ እንዲሆንለት ሲል ክራሩን የሰበረበት አባት በየመንደራችን ይገኛል። አንድ ቀን ግን ያ ሽማግሌ ወደ ቫይሰንፌልስ መስፍን ቤት ሲሄድ ልጁ ተከትሎት ሄደ፤ በዚያም በመስፍኑ ጸሎት ቤት ኦርጋን ሲመታ መስፍኑ ሰማውና ይህን ስጦታ መቅበር እንደማይገባ ለአባቱ መከረው። ከዚህ በኋላ በሃለ ከተማ ዛኾቭ የሚባል የኦርጋን መምህር የዜማን ትምህርት ሁሉ አስተማረው።

ልጁ 12 ዓመት ሳይሞላው አባቱ ሞተ። እርሱም ድኻ አደግ ሆነ ማለት ነው፤ እናቱ ግን ነበረችለት፣ ዘመድና ቤትም ነበረው። በ1702 ዓ.ም. በከተማው ዩኒቨርሲቲ ተመዘገበ፤ በዚያው ዓመት በካቴድራሉ ኦርጋን መቺ ሆኖ ተቀጠረ። አንድ ዓመት አገልግሎ ግን ወደ ሃምቡርግ ከተማ ሄደ፤ በዚያ የሚያምር የኦፔራ ቤት ነበረና። ኦፔራ ማለት ተጫዋቾቹ ነገራቸውን ሁሉ በዜማ የሚናገሩበት ቴአትር ነው። በ1704 ዓ.ም. ከወዳጁ ከማቴሶን ጋራ በቴአትር ቤት ውስጥ በመቀመጫ ተጣልተው በአደባባይ ሰይፍ ተማዘዙ፤ የማቴሶን ሰይፍ በሄንደል ልብስ ቍልፍ ላይ ተሰብሮ ባይቀር ኖሮ ይህ ታሪክ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። ኋላ ታረቁ።

ከ1706 እስከ 1710 ዓ.ም. በኢጣልያ ተቀመጠ። በሮም ሳለ መዝሙረ ዳዊት 110ን በላቲን ቋንቋ በብዙ ድምፅ እንዲዘመር አድርጎ ደረሰው። በብዙ ድምፅ ማለቴ፣ የልጆችና የሴቶች ቀጭን ድምፅ፣ የወንዶች መካከለኛ ድምፅ፣ የወንዶችም ወፍራም ድምፅ እያንዳንዱ የራሱን መንገድ ይዞ ሲሄድ ማለት ነው፤ አንዱ ቃሉን ይጀምራል፣ ሁለተኛው ከኋላው ይነሣል፣ ሦስተኛው ይከተላል፣ ሁሉም በመጨረሻ ተገናኝተው በአንድነት ያርፋሉ። አንዱ አውጥቶ ሌላው ሲቀበል የለመደ የእኛ አገር ጆሮ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

በ1711 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ የደረሰው ኦፔራ እጅግ ተወደደለት። ከዚያ ወዲያ እንግሊዝ አገሩ ሆነች፤ በ1727 ዓ.ም. በሕግ እንግሊዛዊ ሆነ። በዚያው ዓመት ንጉሡ ጆርጅ 2ኛ ዘውድ ሲጭኑ ካህኑ ሳዶቅ ሰሎሞንን ስለ መቀባቱ የሚናገረውን ዝማሬ ደረሰላቸው፤ ይህም ዝማሬ ከዚያ ወዲህ በነገሡት የእንግሊዝ ነገሥታት ሁሉ የዘውድ በዓል ተዘምሯል።

የሄንደልን ጠባይ አልሸሽግህም። ቍጣው ቶሎ የሚነድ ነበረ፤ በአራትና በአምስት ቋንቋ ይሳደብ ነበር ይባላል። አንዲት ስመ ጥር ዘፋኝ የሰጣትን ዜማ አልዘፍንም ባለችው ጊዜ በመስኮት እወረውርሻለሁ ብሎ እንዳስፈራራት ይተረካል። መብልና መጠጥ አብዝቶ ይወድ ነበር። ሚስት አላገባም። የተጻፉለት የሕይወት ታሪኮች እነዚህን ነገሮች በሣቅ ያልፏቸዋል፤ እኛም እንለፋቸው።

ሳንሥቅ ልናየው የሚገባን ሌላ ነገር አለና። ሄንደል ገንዘቡን በማኅበር አክሲዮን ያኖር ነበር። የደቡብ ባሕር ማኅበር የተባለው ኩባንያ ከ1713 ዓ.ም. ጀምሮ አፍሪካውያንን በመርከብ ጭኖ ወደ እስፓንያ የአሜሪካ ግዛቶች ለመሸጥ ውል የነበረው ነው፤ ሄንደል ከዚህ ማኅበር አክሲዮን ነበረው። በ1720 ዓ.ም. ደግሞ የንጉሥ የአፍሪካ ኩባንያ በሚባለው በባሪያ ነጋዴው ማኅበር መዝገብ ስሙ ተጽፎ ተገኝቷል። ይህን ያወጡት በእኛ ዘመን የድሮ መዝገብ የመረመሩ ሊቃውንት ናቸው። በዚያ ጊዜ ብዙ የተከበሩ ሰዎች እንዲሁ ያደርጉ ነበር ብሎ የሚከራከርለት አለ፤ እውነት ነው። ነገር ግን አንባቢ ሆይ፣ በእኛ አገር ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1942 ዓ.ም. ነው፤ የሰው ልጅ በገበያ መሸጡን ከአያቶቻችን አፍ የሰማን ሰዎች ይህን ነገር በሩቅ እንደ ሆነ ወሬ አድርገን ልናልፈው አንችልም። ገንዘብ ከየት እንደ መጣ ሳይጠየቅ ወደ ቤት ይገባል፤ ያን ጊዜም ገባ፣ ዛሬም ይገባል። ይህን በልብህ ይዘህ ተከተለኝ።

በሎንዶን የነበረው ክብር እስከ ዘለቄታው አልቈየም። ሁለት የኦፔራ ቤቶች እርስ በርሳቸው ተፎካክረው ከሰሩ። በ1737 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ሄንደል ታመመ፤ ቀኝ እጁ ሽባ ሆነ፣ አእምሮውም ታወከ። 52 ዓመቱ ነበረ። በጀርመን አገር በአኸን ከተማ ወዳለው ፍል ውኃ ሄዶ ተጠምቆ ዳነ። በዚያው ወራት የተቸገሩ ዜመኞችንና ቤተ ሰባቸውን የሚረዳ ማኅበር በሎንዶን ሲቋቋም ከመጀመሪያዎቹ ደጋፊዎች አንዱ ሆነ። ራሱ በሕመም አልጋ ላይ የተኛ ሰው የሌላውን አልጋ ማየት መጀመሩ ነው ብዬ አምናለሁ። የመጨረሻው ኦፔራው በ1741 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሁለትና ሦስት ጊዜ ብቻ ታይቶ ቀረ።

በዚያው ዓመት ቻርልስ ጄነንስ የሚባል ባለጠጋ ከመጽሐፍ ቅዱስ የለቀመውን ቃል ሰጠው። አንድም የፈጠራ ቃል አልነበረበትም፤ ከኢሳይያስ፣ ከሚልክያስ፣ ከመዝሙር፣ ከኢዮብ፣ ከሉቃስ፣ ከጳውሎስ መልእክቶችና ከራእይ የተውጣጣ ሆኖ የክርስቶስን መምጣት፣ ሕማምና ሞት፣ የሙታንንም ትንሣኤ በሦስት ክፍል የሚናገር ነበረ። ሄንደል ነሐሴ 22 ቀን ጀምሮ መስከረም 14 ቀን ጨረሰው፤ 24 ቀን ማለት ነው። የጻፈውም ከ250 ገጽ በላይ ነው። ሲጽፍ ሰማያት ተከፍተውለት መላእክትን ዓየ ብለው የሚተርኩ አሉ። እኔ በዚህ ላይ ቤት አልሠራም፤ ሄንደል ሁልጊዜም ፈጥኖ የሚጽፍ ሰው ነበረና። ደግሞም ሕፃን ስለ መወለዱ ኢሳይያስ የተናገረበትን ዝማሬ ዜማ ከጥቂት ሳምንት በፊት ለኢጣልያን የፍቅር ግጥም ከደረሰው ወስዶ ነው ያስማማው። ይህ ዜማ የዓለም ነው፣ ይህ የመንፈስ ነው እያልን በየጸሎት ቤታችን የምንከራከር ሰዎች ይህን ብናውቅ ክርክራችን ጥቂት ይበርድ ይመስለኛል።

መሲሕ መጀመሪያ የተሰማው በሎንዶን አይደለም። ሄንደል ተጠርቶ ወደ አየርላንድ ሄደ፤ በኅዳር ወር በ1741 ዓ.ም. ወደ ደብሊን ገባ። በዚያ አገር ሕግ ዕዳውን ያልከፈለ ሰው ይታሰራል፤ ታስሮም ሠርቶ መክፈል ስለማይችል በወኅኒ ያረጃል። ስለዚህ የመሲሕ የመጀመሪያው ገቢ ለሦስት ይከፈል ዘንድ ተወሰነ፤ አንዱ እጅ በዕዳ ለታሰሩት፣ ሁለቱ እጅ ለሁለት የድኾች ሆስፒታሎች። ዕለቱም በ1742 ዓ.ም. ሚያዝያ 13 ቀን ነበረ። ሕዝቡ ብዙ እንደሚሆን ስለ ታወቀ፣ ሴቶች ቀሚሳቸውን የሚነፋውን ክብ ሽቦ፣ ወንዶችም ሰይፋቸውን በቤት ትተው እንዲመጡ በጋዜጣ ተለመኑ፤ ስለዚህ በአዳራሹ ውስጥ 700 የሚያህል ሰው ገባ። ጌጥ ሲቀነስ ለሌላ ሰው ስፍራ መገኘቱ ቀላል ነገር ነው፤ እኔ ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ከወደድኋቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። የተገኘውም ገንዘብ 400 ፓውንድ ያህል ሆነ። በእስረኞች ድርሻ 142 ሰዎች ዕዳቸው ተከፍሎላቸው ከወኅኒ ወጡ።

በዚያ ቀን ከዘመሩት አንዲቱ ሱዛና ሲበር የምትባል የቴአትር ተጫዋች ነበረች። በሎንዶን በትዳሯ ምክንያት በፍርድ አደባባይ ስሟ ጠፍቶ፣ ከሰው ፊት ተሰውራ የቈየች ሴት ናት። ኢሳይያስ በ53ኛው ምዕራፍ ስለ ተናቀው አገልጋይ የተናገረውን የዘመረች እርሷ ነበረች። ዴላኒ የሚባል ካህን ሰምቶ መታገሥ አቅቶት ተነሣና ስለዚህ ዝማሬ ኀጢአቷ ሁሉ እንዲሰረይላት በጉባኤ መካከል ተናገረ ይባላል። ኀጢአት በዝማሬ እንደማይሰረይ የወንጌል አገልጋይ ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን እኛ እንዲህ ያለችውን ሴት በመጨረሻው ወንበር አስቀምጠን ምን እንደሠራች እየተንሾካሾክን ስንት ዓመት እንዳቈየናት ሳስታውስ፣ የካህኑን ስሕተት ለማረም አፌን መክፈት ይከብደኛል።

በሎንዶን ግን በ1743 ዓ.ም. መሲሕ በቀረበ ጊዜ አቀባበሉ ቀዝቃዛ ነበረ። የእግዚአብሔር ቃል በቴአትር ቤት በተጫዋቾች አፍ መዘመሩን የነቀፉ ነበሩ። ዝማሬው በእውነት የተወደደው ኋላ በአንድ ጸሎት ቤት ነው፤ ወደዚያም አሁን እንሂድ።

ሎንዶን በዚያ ዘመን ባለጠጋ ከተማ ነበረች፤ ሆኖም በድህነትና በእፍረት የተጨነቁ እናቶች ሕፃናቶቻቸውን በመንገድ ዳር ይጥሉ ነበር። ቶማስ ኮራም የሚባል ያረጀ የመርከብ አለቃ ወደ ከተማይቱ ሲመላለስ እነዚህን ሕፃናት፣ አንዳንዶቹን በሕይወት ሳሉ አንዳንዶቹን ሞተው፣ እያየ አዘነ። 17 ዓመት ያህል በታላላቆች ቤት ደጅ ጠና። በ1739 ዓ.ም. ንጉሡ ፈቃድ ሰጡትና የተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ ቤት ተቋቋመ። በ1741 ዓ.ም. በመጋቢት ወር በሩ በሌሊት በተከፈተ ጊዜ ሕፃን የታቀፉ እናቶች ደጁን ሞሉት። ቤቱ ሁሉን መቀበል ስላልቻለ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እናቶቹ ከከረጢት ውስጥ ኳስ በዕጣ እንዲያወጡ ተደረገ። ነጭ የወጣላት ልጇ በሽታ እንደሌለበት ተመርምሮ ይገባል፤ ቀይ የወጣላት ትጠብቃለች፤ ጥቁር የወጣላት ልጇን ታቅፋ በመጣችበት መንገድ ትመለሳለች። ልጃቸው የገባላቸውም፣ አንድ ቀን ተመልሰን ልንወስደው እንችል ይሆናል በማለት የጨርቅ ቍራጭ፣ የተቈረጠ ሳንቲም ወይም አዝራር ለምልክት ይተዉ ነበር። ልጁ ሌላ ስም ይሰጠዋል። ተመልሰው የመጡ እናቶች ጥቂቶች ናቸው።

እኛ ድኻ አደግን ዘመድ ያነሣዋል እንላለን፤ በገጠር ይህ ልማድ ዛሬም የሚያስመሰግነን ነው። በከተማ ግን ዘመድ የሌለው ሕፃን አለ፤ ዘመዱም ራሱ የሚበላው ያጣ አለ። ወደ ታሪኩ ልመለስ።

የማሳደጊያው ቤት የራሱን ጸሎት ቤት መሥራት ጀምሮ ገንዘብ አጠረው። በ1749 ዓ.ም. ሄንደል ራሱ መጥቶ ለሥራው መጨረሻ የሚሆን የዝማሬ ጉባኤ እንዲያደርግ ለአስተዳዳሪዎቹ አሳወቀ። ግንቦት 27 ቀን ገና ባልተፈጸመው ጸሎት ቤት ውስጥ ተደረገ፤ የንጉሡም ልጅ አልጋ ወራሹ ተገኘ። ለዚያ ቀን ሄንደል ድኻን የሚያስብ ሰው ብፁዕ መሆኑን ከመጽሐፍ ቃል አውጥቶ አዲስ ዝማሬ ደረሰ፤ የመጨረሻውንም ሃሌ ሉያ ከመሲሕ ወስዶ ጨመረበት። በሚከተለው ዓመት ግንቦት 1 ቀን ለጸሎት ቤቱ ኦርጋን ሰጥቶ መሲሕን በሙሉ በዚያ አዘመረ። ከ1000 የሚበልጥ ሰው መጣ፤ የመግቢያ ወረቀት ይዞ ስፍራ አጥቶ የተመለሰም ስለ ነበረ በ15ኛው ቀን እንደ ገና ተዘመረ። ሄንደልም ከቤቱ አስተዳዳሪዎች አንዱ ሆነ።

ከዚህ በኋላ በየዓመቱ በዚያ ጸሎት ቤት መሲሕ ይዘመር ነበር። በ1754 ዓ.ም. የተጻፈው የወጪ መዝገብ እንደሚያሳየው መሣሪያ የሚመቱት 38 ያህል፣ ዘማሪዎቹም ከልጆች ጋራ ከ20 ብዙ የማይበልጡ ነበሩ። የትልቅ ጉባኤ መዘምራን ለለመደ ሰው ይህ ጥቂት ነው። በእነዚህ ጥቂቶች ግን በየዓመቱ ከተሰበሰበው ገንዘብ ድምሩ ወደ 7000 ፓውንድ ይጠጋል። በቴአትር ቤት የነቀፉት ሰዎች በጸሎት ቤት ለሕፃናት እንጀራ ሲዘመር ሰምተው ዝም አሉ። ሄንደል ለድካሙ ዋጋ አልወሰደም።

ይህ ሁሉ ልጆቹን ሁሉ አዳነ ማለት አይደለም። ከ1756 እስከ 1760 ዓ.ም. መንግሥት የመጣ ሁሉ እንዲገባ ባዘዘ ጊዜ 15000 የሚጠጉ ሕፃናት ገቡ፤ ከእነርሱም የሚበዙት በበሽታ ሞቱ። እናቶች ከሩቅ አገር በተከራዩት ሰው እጅ ይልኩአቸው ነበርና በመንገድ የቀሩም ነበሩ።

በ1751 ዓ.ም. ሄንደል ስለ መስፍኑ ዮፍታሔ ሲጽፍ የግራ ዓይኑ ከዳው፤ ሥራውን እያቋረጠ በጭንቅ ጨረሰ። ሐኪሞች በመሣሪያ ቢነኩትም አልበጀውም፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ፈጽሞ ታወረ። ኋላም ዓይኑን ካከሙት አንዱ ቴይለር የሚባለው ሰው ነው፤ ይኸው ሰው ታላቁን ዜመኛ ባኽን በ1750 ዓ.ም. አክሞ የማይረባ ሥራ የሠራበት ነው። ዕውሩ ሄንደል ግን ሰው እየመራው ወደ ኦርጋኑ ይቀርብ፣ ከልቡም ይመታ ነበር። በ1759 ዓ.ም. ሚያዝያ 6 ቀን መሲሕ ሲዘመር ተገኝቶ፣ ከስምንት ቀን በኋላ፣ በስቅለትና በትንሣኤ መካከል ባለችው ቅዳሜ ሞተ። በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን ሲቀበር 3000 የሚያህል ሰው ቆመ። የተወው ሀብት 20000 ፓውንድ የሚጠጋ ነበረ፤ ከእርሱ 1000 ፓውንድ ለተቸገሩት ዜመኞች ማኅበር ተናዘዘ።

ከሞተ 25 ዓመት በኋላ፣ በ1784 ዓ.ም. ለመታሰቢያው በዌስትሚንስተር ከ500 የሚበልጡ ሰዎች ሆነው ዝማሬውን ዘመሩ፤ የከተማው ሰው ሁሉ ስለዚህ ብቻ ይናገር ነበር። በሎንዶን የነበረ ጆን ኒውተን የሚባል ሰባኪ ይህን ሰምቶ በመሲሕ ቃሎች ላይ ተራ በተራ 50 ስብከት ሰበከ። ዝማሬውን አልጠላም፤ ነገር ግን በሞት ፍርድ የሚጠበቁ እስረኞች ስለ ዳኛውና ስለ ምሕረቱ የተነገረውን ቃል ለመዝናኛ ዜማ አድርገው ቢጫወቱበት እንዴት ያለ ዕብደት እንደሚሆን ለሰሚዎቹ አመለከታቸው። ኒውተን በጕልማሳነቱ የባሪያ መርከብ አለቃ ሆኖ አፍሪካውያንን በሰንሰለት አስሮ ባሕር ያሻገረ ሰው ነው። በ1788 ዓ.ም. ይህን ሥራውን በእፍረት ተናዝዞ በመጽሐፍ አወጣው፤ ባርነትም እንዲቀር ምስክር ሆኖ ቆመ። ሄንደል ስለ አክሲዮኑ እንዲህ ያለ ቃል ሳይተው ሞቷል።

ያ ጸሎት ቤት ዛሬ የለም። አረጋዊው ኮራም በ1751 ዓ.ም. ሞቶ በዚያ ተቀብሮ ነበር፤ በ1926 ዓ.ም. ግን ቦታው ተሽጦ ሕንፃው ፈረሰ፣ ልጆቹም ከከተማ ወጥተው ወደ ገጠር ተወሰዱ። ሄንደል በኑዛዜው ለሕፃናቱ ቤት የተወው የመሲሕ ንጹሕ ቅጂ አልጠፋም። በሎንዶን በልጆቹ ቤት ስም በተሠራው ሙዚየም ውስጥ፣ እናቶች ልጆቻቸውን ለይተው ያውቁባቸው ዘንድ ከተዉአቸው ከሳንቲሞችና ከአዝራሮች ጋራ በአንድ ጣራ ሥር ይጠበቃል።